የጥቁሩ ክር ክስ
(የሚሼል ኤዠን ሼቭረል ሕይወትና ሥራ)

በ1824 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ከተማ የሚገኘው የጎብለን የሽመና ቤት ለቀለም ክፍሉ አዲስ ኃላፊ ተሾመለት። ተሿሚው ሚሼል ኤዠን ሼቭረል ይባላል፤ ዕድሜው 38 ዓመት፥ ሙያው ኬሚስትሪ ነበር። ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል ክስ ቀረበለት። ሸማኔዎቹ ከቀለም ክፍሉ የሚወጣላቸው ጥቁር ሱፍ ኃይል እንደሌለው፥ በተለይም የሰማያዊና የሐምራዊ ልብስ ጥላ ለማውጣት ሲሸምኑበት ደብዝዞ እንደሚታይ አመለከቱ።

ለውጭ ሰው ይህ የባልንጀሮች ጭቅጭቅ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ጎብለን ተራ የሽመና ቤት አልነበረም። ስሙን ያገኘው በ15ኛው መቶ ዓመት በቢየቭር ወንዝ ዳር ከሰፈረው የቀለም ነካሪዎች ቤተ ሰብ ነው፤ በ1662 ዓ.ም. የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር ለመንግሥት ከገዛው ወዲህ ግን የነገሥታቱን ግድግዳ የሚያለብሱት ታላላቅ ባለ ሥዕል ሥራዎች የሚሸመኑበት ቤት ሆነ። በዚያ ሸማኔው የሠዓሊውን ሥዕል እያየ ድሩ ላይ ማጉን በልዩ ልዩ ቀለም እያስገባ፥ ፊቱንም ልብሱንም ደመናውንም በክር ይገለብጣል። አንድ ሠራተኛ በዓመት የሚጨርሰው ከአንድ ሜትር ካሬ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ድካም ተጠናቆ ጥቁሩ ደብዛዛ ሆኖ ቢገኝ ማን ሊጠየቅ ነው? ቀለም ነካሪው። ነካሪው ወይ ሙያ አያውቅም፥ ወይ ከዕቃው ይሰርቃል ተብሎ ይጠረጠራል ማለት ነው።

አዲሱ ኃላፊ ለዚህ ዓይነቱ ዳኝነት የተዘጋጀ ሰው ነበር። የተወለደው በ1786 ዓ.ም. ኦገስት 31 ቀን በምዕራብ ፈረንሳይ በአንዤ ከተማ ነው። አባቱ የታወቀ ሐኪም ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው በከተማው አደባባይ ሰዎች በጊሎቲን ሲገደሉ አየ። በ17 ዓመቱ ወደ ፓሪስ ሄዶ ከስመ ጥሩው ኬሚስት ከቮክለን ዘንድ ገባ። ቮክለን የገበሬ ልጅ የነበረ፥ በእጁ ሠርቶ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሼቭረልም ትምህርቱን የቀሰመው ከመጽሐፍ ይልቅ ከምድጃና ከብርጭቆ አጠገብ ነው።

መምህሩ መጀመሪያ የሰጠው ሥራ ቀለም ከሚሰጡ እንጨቶችና ቅርፊቶች ውስጥ ቀለሙን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት ነበር። ወጣቱ ከመካከለኛው አሜሪካ ከሚመጣው የካምፔሽ እንጨት ዛሬ ሄማቶክሲሊን የሚባለውን ነገር አወጣ። በዩኒቨርሲቲያችን የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች በማይክሮስኮፕ የሚያዩትን ሥጋ የሚያቀልሙበት ይኸው ነው፤ ያገኘው ሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ እንደ ነበረ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በዓለም ዘንድ ያስጠራው ግን ሞራና ዘይት ነው። በ1811 ዓ.ም. ከአሳማ ስብና ከፖታስ የተሠራ ሳሙና ሲመረምር የሚያብለጨልጩ ቅንጣቶች አየ። ከዚያ የተነሣ ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞ፥ ስብ ማለት ግሊሰሪንና ልዩ ልዩ የስብ አሲዶች የተዋሐዱበት ነገር እንደ ሆነ፥ ሳሙና መሥራትም ይህን ውሕደት መፍታት መሆኑን አስረዳ፤ መጽሐፉም በ1823 ዓ.ም. ታተመ። አንድ ነገር ንጹሕ መሆኑን የሚቀልጥበትን ሙቀት በመለካት የመፈተኑ ልማድ እንዲጸና ያደረገ እሱ ነው። በመካከሉም በ1815 ዓ.ም. በስኳር በሽተኛ ሽንት ውስጥ የሚገኘው ስኳር ከወይን ፍሬ ስኳር ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። በ1825 ዓ.ም. ደግሞ ከጌ-ሉሳክ ጋር ሆኖ ከስብ አሲድ ሻማ የመሥራት መብት አስመዘገበ። በንግዱ ሁለቱም አልተጠቀሙበትም፤ ትርፉን ያገኙት ከእነሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያም ሆነ ይህ ጢሱ ዓይን የሚያቃጥለው፥ ሽታው ቤት የሚሞላው የሞራ ሻማ ቦታውን የለቀቀው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ክር እንመለስ።

በዚያን ጊዜ ማቅለም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነበር። ነካሪው ሱፉን አጥቦ ቅባቱን ያወጣል፤ በሸብ ውሃ ይቀቅላል፤ ከዚያም በቀለሙ ውሃ ያገላብጠዋል። ሸቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ቢጠየቅ ያለ ሸብ ቀለሙ ስለማይዝ ነው ከማለት በቀር መልስ የለውም። ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ነው። ሱፍና ሐር ከእንስሳ የሚገኙ፥ ሥጋና እንቁላል ውስጥ ያለው የፕሮቲን ወገን ናቸው፤ አሲድንም ቤዝንም የሚይዙ እጆች አሏቸው። ጥጥ ግን ከተክል የሚገኝ ሴሉሎዝ ስለ ሆነ እነዚህ እጆች የሉትም፤ ሱፍን በቀላሉ የሚይዘው ቀለም ከጥጥ ላይ ታጥቦ ይሄዳል። የሸቡ አሉሚኒየም ደግሞ በቀለሙና በጭረቱ መካከል እንደ ድልድይ ቆሞ ሁለቱን ያስተሳስራል። ጥቁር የሚወጣው በአመዛኙ ከብረት ጨውና ቆዳ ለማልፋት ከሚያገለግለው ታኒን ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ቀለም ውሃ ይጠቁራሉ።

ሼቭረል አቤቱታዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። አንዳንዶቹ እውነት ሆነው አገኛቸው፤ አንዳንዱ ፈዛዛ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ፥ አመድማና ቡናማ በእርግጥ ብርሃን ሲያየው ይለቅ ነበር። እነዚህን የቀለም ክፍሉ ጥፋት ናቸው ብሎ ተቀበለ። ለጥቁሩ ግን በፈረንሳይም በውጭ አገርም ካሉ ስመ ጥሩ የቀለም ቤቶች ጥቁር ሱፍ አስመጥቶ ከራሱ ጋር አስተያየው። የጎብለን ጥቁር ከማናቸውም የሚያንስ አልነበረም። ታዲያ ነካሪው ጥፋት ከሌለበት፥ ሸማኔውም ካልዋሸ፥ ጥፋቱ የት ነው?

ብዙ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጉት ነበር። ምርመራው ሠራተኞቼን ነጻ አውጥቷል፥ ሸማኔው ሥራውን ይሥራ ይባልና ነገሩ ያልቃል። የሼቭረል ትልቅነት ከሳሹም ተከሳሹም እውነት ተናግረው ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ ላይ ይመስለኛል። ክሩን ለብቻው ማየቱን ትቶ ከጎረቤቱ ጋር ተመለከተው። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠለት፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊ ነው። ጥፋቱ የኬሚስትሪ ሳይሆን የዓይን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ተሟይ ቀለም አለው፤ ለቀይ አረንጓዴ፥ ለሰማያዊ ብርቱካንማ፥ ለሐምራዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ። ሁለት ቀለሞች ተጎራብተው ሲታዩ ዓይን የሁለቱን ልዩነት ያጋንነዋል፤ አንዱ በሌላው ላይ የራሱን ተሟይ የሚጨምርበት ይመስላል። ጨለማ ከብርሃማ ጋር ሲጎራበት ጨለማው ይበልጥ ይጨልማል፥ ብርሃማው ይበልጥ ይበራል። ጥቁር ክር ከሰማያዊ አጠገብ ሲውል ብርቱካንማ ነገር ይጨመርበትና ቡኒ ይመስላል፤ ከሐምራዊ አጠገብ ደግሞ ቢጫ ይዘራበታል። ስለዚህ ኃይሉ ያለቀ ይመስላል። አንባቢ ይህን ለማመን ፓሪስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአንድ አመድማ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጮች ቆርጦ አንዱን በነጭ፥ ሌላውን በጥቁር ወረቀት ላይ ያኑርና ከርቀት ይመልከታቸው። በጥቁሩ ላይ ያለው ነጣ ብሎ ይታየዋል። ራሱ ቆርጦ አኑሮአቸው ሳለ እንኳ አንድ ናቸው ብሎ ዓይኑን ማሳመን አይችልም።

ይህን ሐሳብ በ1828 ዓ.ም. ለሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ የአካዳሚው አባል ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ግን የታተመው በ1839 ዓ.ም. ነው። ቀለምን ያለ ቀለም ማስረዳት አይቻልምና ባለ ቀለም ሠሌዳዎች ያስፈልጉት ነበር፤ የእነሱም ማሳተሚያ ውድ ነው። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ ቢመለስ ስለ ቀለማት የአንድ ጊዜ ተቃርኖ ሕግ እንደ ማለት ይሆናል።

መጽሐፉን ከሌሎች የሳይንስ መጻሕፍት የሚለየው በአደባባይና በገበያ የተፈተነ መሆኑ ነው። ከሚተርካቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ነጋዴዎች ቀይ፥ ሐምራዊና ሰማያዊ ጨርቅ ለአታሚዎች ሰጥተው በላዩ ላይ ጥቁር ጥለት እንዲያትሙላቸው ይዋዋላሉ። ጨርቁ ሲመለስ ነጋዴዎቹ ይቆጣሉ፤ በቀዩ ላይ ያለው ጥለት አረንጓዴ፥ በሐምራዊው ላይ ያለው ቢጫማ፥ በሰማያዊው ላይ ያለው ብርቱካንማ ሆኖ ይታያቸዋል። ያዘዝነው ጥቁር ነው፥ ተታለልን ይላሉ፤ አታሚውም የተጠቀምኩት ጥቁር ነው ብሎ ይምላል። ሼቭረል የሰጠው ፍርድ ቀላል ነበር። ነጭ ወረቀት በጥለቱ ቅርጽ ቀድዶ ጨርቁን ሸፈነና ጥለቱ ብቻ እንዲታይ አደረገ። ሦስቱም ላይ ያለው ጥቁር ነበር። በመሐላና በምስክር የማያልቅ ክርክር በአንድ የተቀደደ ወረቀት አለቀ።

ሌላም አለ። ገዢ ወደ ሱቅ ገብቶ ቀይ ጨርቅ ያስወርዳል። ነጋዴው አሥራ አራት ጣቃ አንድ በአንድ ቢዘረጋለት፥ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ጣቃዎች ከመጀመሪያዎቹ ጋር አንድ ሆነው ሳለ ያንሱበታል። ቀይ ሲያይ የቆየ ዓይን ለቀይ ይደክምና አረንጓዴ ማየት ይጀምራል፤ ያ አረንጓዴ ቀዩን ያጠፋዋል። የሼቭረል ምክር በመካከሉ አረንጓዴ ጨርቅ ጣል እንዲደረግ ነው፤ ዓይኑ ያርፋል፥ ቀዩም ይታደሳል። ይህን በልማድ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ በየገበያው እንዳለ አልጠራጠርም።

ለሸማኔዎቹ የሰጠው ትምህርት ከዚህ የረቀቀ ነው። ሠዓሊው ከቢጫ አጠገብ አመድማ ቀለም ቢቀባ ሸማኔው አመድማውን ሐምራዊ አድርጎ ያየዋል። ታማኝ ልሁን ብሎ ሐምራዊ ክር ቢመርጥ፥ ያ ክር በተራው ከቢጫው ጋር ሲጎራበት እጥፍ ሐምራዊ ይሆንና ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ የሚያየውን የሚገለብጥ ሸማኔ ይሳሳታል፤ በቦታው ያለውን ቀለም የሚያውቅ ግን ትክክል ይሆናል። ደግሞ ክሮቹ እጅግ ቀጥነው፥ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ከሩቅ ሲታዩ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ዓይን መለየቱን ትቶ ይቀላቅላቸዋል፤ ቀይና አረንጓዴ ማግ በአንድነት ሲታይ አመድማ ይወጣዋል። አንድ ዓይነት ሁለት ቀለሞች በሰፊው ሲጎራበቱ ይደማመቃሉ፥ በጥቃቅኑ ሲቀላቀሉ ይገዳደላሉ ማለት ነው።

ሼቭረል የሰው ስሜት ያለ ክፋት እንደሚያታልል ማወቁ ከዚህም በፊት የጀመረ ነው። በ1812 ዓ.ም. ገደማ በክር የተንጠለጠለ ነገር በሜርኩሪ ላይ ሲያዝ ራሱ ይወዛወዛል የሚባለውን ሞክሮ፥ እውነትም ሲወዛወዝ አየ። ግን ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ሲሞክረው እንቅስቃሴው ጠፋ። ያወዛወዘው ሳያውቀው የገዛ እጁ ነው። ይህን በ1833 ዓ.ም. ለወዳጁ ለአምፔር በጻፈው ደብዳቤ አወጣው፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ ጠረጴዛ በመናፍስት ይዞራል የሚለው ወሬ አውሮፓን ባናወጠበት ጊዜ በመጽሐፍ አስፋፋው።

የጭረቱንም ነገር አልተወም። ቀለም የተነከረ ሱፍ፥ ሐርና ጥጥ በብርጭቆ ውስጥ አድርጎ አንዱን አየር በሌለበት፥ አንዱን በደረቅ አየር፥ አንዱን በእርጥብ አየር ለፀሐይ አሰጣው፤ ውጤቱን በ1830ዎቹ ለአካዳሚው አቀረበ። ከዚያ በፊት ቀለም የሚበላው ብርሃን ብቻ ነው ይባል ነበር። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ ያለ አየር ኦክሲጅንና ያለ እርጥበት ያን ያህል እንደማይጎዳ፥ አንዱ ቀለም በሱፍ ላይ የሚያሳየው ጽናትም በጥጥ ወይም በሐር ላይ ከሚያሳየው እንደሚለይ አሳየ። የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ደግሞ አየር በሌለበት በፀሐይ ይነጣና አየር ሲያገኝ ሰማያዊነቱን መልሶ ያገኛል። እንግዲህ ጸንቶ የሚኖር ቀለም የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ በምን ጭረት ላይ፥ በምንስ አየር ውስጥ ብሎ መጨመር ያስፈልጋል። ዛሬም የልብስ ፋብሪካዎች ቀለማቸውን የሚፈትኑት በዚህ መንገድ ነው።

በ1861 ዓ.ም. ያወጣው ሥራ ቀለማትን ስለ መሰየም ነው። ነካሪዎች ለቀለም የሚሰጡት ስም ከቤት ቤት ይለያይ ነበርና አንዱ የሚለውን ሌላው አይረዳውም። ሼቭረል 72 ቀለማት በክብ ደረደረ፤ እያንዳንዱን ከነጭ እስከ ጥቁር በ20 ደረጃ ከፈለ፤ ከዚያም ጥቁር እየጨመረ ሌሎች ዘጠኝ ክቦች አወጣ። አመድማዎቹ ሲታከሉ 14,420 ደረጃዎች ሆኑ፤ ለያንዳንዱም ቁጥር አለው። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጉድለት አለበት። መሠረት ያደረገው ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊን ነው። ቀለም ሲበጠበጥና ብርሃን ሲቀላቀል የሚሆነው ነገር የተለያየ መሆኑን ሄልምሆልትዝ በ1852 ዓ.ም. አሳይቶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ክቡን አልለወጠም። ዓይን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግም አላወቀም። ዛሬ የምናውቀው በዓይን ውስጥ ያሉ ነርቮች አንዱ የጎረቤቱን ሥራ እንደሚገታ፥ ልዩነት የሚጋነነውም በዚህ እንደ ሆነ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው መጽሐፉን ከሸማኔዎች ይልቅ ሠዓሊዎች ማንበባቸው ነው። ሰራ የሚባለው ወጣት ሠዓሊ የሼቭረልን ሕግ አጥንቶ ቀለሙን በቡሩሽ መጎተት ትቶ በነጠብጣብ መዝራት ጀመረ፤ ነጠብጣቦቹን የሚቀላቅላቸው የተመልካቹ ዓይን ነው። የታወቀው ትልቁ ሥዕሉ ለሕዝብ የቀረበው በ1886 ዓ.ም. ነው። በማቅለሙ ሙያ በኩል ግን ዘመኑ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። በ1856 ዓ.ም. ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ተማሪ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኝ ነገር ሐምራዊ ቀለም ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የእንጨቱና የቅርፊቱ ቀለም እየተገፋ ሄደ።

ሼቭረል በዚህ ጊዜ የ70 ዓመት ሰው ነበር፤ ሕይወቱ ግን ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ በ1857 ዓ.ም. ኮፕሊ የሚባለውን ሜዳልያ ሰጠው። በ1864 ዓ.ም. የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዋና ኃላፊ ሆነ። በ1871 ዓ.ም. ጃንዋሪ የፕሩሲያ መድፍ ሙዚየሙን ሲመታ የ84 ዓመቱ ሽማግሌ ከቦታው ሳይርቅ ለአካዳሚው የተቃውሞ ቃል አስመዘገበ። በዚያው ዓመት በሜይ በፓሪስ ኮሚዩን መጨረሻ የጎብለን ከፊሉ ተቃጠለ፤ ብዙ ጥንታዊ የሽመና ሥራም አብሮ ነደደ።

ወይን ከሚጠመቅበት አገር ተወልዶ ወይን የማይጠጣ ሰው ነበር። ሚስቱ በ1862 ዓ.ም. ሞታ ብቻውን ቀርቷል። ራሱን የፈረንሳይ ተማሪዎች አንጋፋ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ይህም ለቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ዘጠና ዓመት አልፎትም በአካዳሚው ስብሰባ ይገኝና ምርመራውን ያቀርብ ነበርና። በ1886 ዓ.ም. መቶ ዓመቱን ሲያከብር የወርቅ ሜዳልያ ተሠራለት፤ ፓሪስም ችቦ አብርታ አከበረችው። በዚያው ሰሞን ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር ሊያነጋግረው መጣ፤ ልጁ ፖል አጠገባቸው ሆኖ ሽማግሌው ሲያወራ፥ ሲቆጣ፥ እጁን ሲያወናጭፍ ፎቶግራፉን ያነሣ ነበር። ሥዕሎቹ ከነንግግሩ በጋዜጣ ወጡ፤ በዓለም ላይ ከፎቶግራፍ ጋር የታተመ የመጀመሪያው ቃለ ምልልስ ይህ እንደ ሆነ ይነገራል።

በ1889 ዓ.ም. ማርች 31 ቀን የኤፌል ማማ ተመረቀ። በማማው ዙሪያ የ72 ፈረንሳውያን ሊቃውንት ስም ተጽፏል፤ ከእነሱ መካከል የሼቭረል አለበት፤ በዚያን ቀንም ባለ ስሙ በሕይወት ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፥ ኤፕሪል 9 ቀን፥ በ102 ዓመቱ ሞተ። በኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቀብር ሥርዓት ተደርጎለት ከፓሪስ ወጣ ባለችው በላይ መንደር ተቀበረ። በጎብለን ግቢ ዛሬም ይሸመናል።